ትምህርት 14፦ ቤት የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. አንድን ቤት «ቤቴ» ለማለት የሚያበቃችሁ ምንድን ነው? ግድግዳውና ጣሪያው ነው ወይስ ሌላ ነገር?
2. ራሱን ችሎ መኖር የማይችል ሰው በሌሎች እጅ በሚጠበቅበት ስፍራ እንክብካቤው መልካም መሆኑን በምን መለየት ይቻላል?

ለ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰው ልጅ የመማርና የመረዳት ችሎታ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንድ ሰው ግን አዲስ ነገር ለመማር፣ ገንዘብ ለመቁጠር፣ ጊዜን ለመለየት፣ አሳቡን በቃል ለመግለጽና አደጋን አስቀድሞ ለመገመት ከሌሎች እጅግ የበለጠ ጊዜና ርዳታ ያስፈልገዋል። ይህ ሁኔታ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሲሆን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ይባላል። በመድኀኒት የሚድን በሽታ አይደለም፤ ከአእምሮ ሕመምም የተለየ ነው። መጠኑም ለሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ ሰው ሥራ ሠርቶ፣ ቤት ተከራይቶ ሲኖር፣ ደብዳቤ የሚያነብለትና ሒሳብ የሚያስተካክልለት ሰው ብቻ ይፈልግ ይሆናል። ሌላው ግን ለመብላት፣ ለመታጠብና ለመልበስ ቀንም ሌሊትም የሌላ ሰው እጅ ያሻዋል።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚንከባከበው ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡም ውስጥ ይበልጡን እናት ናት። እናትየዋም ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣታል። «እኔ ከሞትሁ በኋላ ልጄን ማን ያይልኛል?» ትላለች። በብዙ አገሮች ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የመኖሪያ ተቋም ማቋቋም ነበር። ይሁን እንጂ ተቋም መኖሩና ተቋሙ መልካም መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን ልዩነት ለመረዳት ከእኛ ቀድመው ብዙ ተቋማት የሠሩትን አገሮች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ በስታተን ደሴት ላይ ዊሎብሩክ የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። ስሙ ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ምንም ትምህርት አያገኙም ነበር። በዚያ ዘመን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሕፃን ሲወለድ ሐኪሞች ወላጆቹን ለተቋም እንዲሰጡት ዘወትር ይመክሯቸው ነበር። ወላጆችም ለልጁ የሚበጀው ይኸው ነው ብለው እያለቀሱ ይሰጡ ነበር። ከዚህም የተነሣ ለ4,000 ሰዎች በተሠራው ግቢ ውስጥ በ1965 ከ6,000 በላይ ሰዎች ታጭቀው ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሴናተር ሮበርት ኬነዲ ሳይታሰቡ መጥተው ተቋሙን ጎበኙና የሕዝቡ አኗኗር ለሰው ልጅ የማይገባ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ነገሩ ለጥቂት ጊዜ ተወራ፤ ከዚያም ተረሳ።

በ1972 መጀመሪያ ላይ ማይክል ዊልኪንስ የተባሉ ሐኪም ከወላጆች ጋር ሆነው ለውጥ እንዲደረግ በመጠየቃቸው ከተቋሙ ሥራ ተሰናበቱ። የአንዱ ሕንፃ ቁልፍ ግን በእጃቸው ቀርቶ ነበር። በዚያም ቁልፍ ሄራልዶ ሪቬራ የተባለውን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራውን አስይዘው አስገቡት። የተነሣው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ሕዝቡ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በባዶ ወለል ላይ፣ ራቁታቸውን ወይም በእላቂ ጨርቅ ተሸፍነው፣ የሚሠሩትም የሚጫወቱበትም ነገር ሳይኖራቸው የሚውሉ ልጆችን አየ። አንድ ተንከባካቢ ብቻውን ሃምሳ ያህል ልጆች ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዱትም አንድን ልጅ ለማብላት የሚደርሰው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ ምግብ በጥድፊያ ሲጎረስ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል፤ ያም የሳንባ ምች ያመጣበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገድለዋል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዊሎብሩክ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ ጨካኞች አልነበሩም። ነገር ግን ሃምሳ ልጆች ለአንድ ሰው ሲሰጡ ያ ሰው ምንም እንኳ ልቡ ቢራራም እጁ አይበቃም። ከጊዜ ብዛትም ልጆቹን በየስማቸው ማየቱን ይተውና እንደ አንድ መንጋ ማየት ይጀምራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በዚያ ፊልም ውስጥ ከተናገሩት ነዋሪዎች አንዱ በርናርድ ካራባሎ ነው። በርናርድ በ3 ዓመቱ ወደ ዊሎብሩክ የገባው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት ተብሎ ነበር። በእርግጥ ግን የነበረበት ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ የሰውነትን እንቅስቃሴና ንግግርን የሚያውክ ጉዳት ነው። አንደበቱ የሚተሳሰር በመሆኑ ታግሦ የሚያዳምጠው ጥቂት ነበር፤ በተቋሙም 18 ዓመት ኖረ። ከወጣ በኋላ ለመሰሎቹ መብት ተሟጋች ሆነ። ከዚህ ታሪክ ግን የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ መጠንቀቅ አለብን። በደሉ የተፈጸመው በርናርድ ያለ ቦታው በመግባቱ ብቻ አይደለም። በእርግጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጓደኞቹም ያ ስፍራ ቢሆን አይገባቸውም ነበር።

ፊልሙ ከታየ በኋላ ወላጆች በ1972 በፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ክርክሩም በ1975 በስምምነት ተቋጨ። የኒውዮርክ ግዛት መንግሥት ነዋሪዎቹን በየሰፈሩ ወደሚገኙ ትንንሽ ቤቶች ለማዛወርና በተቋሙ የሚቀሩትን ሰዎች ቁጥር በ6 ዓመት ውስጥ ከ250 ወደማይበልጥ ለማውረድ ውል ገባ። ሥራው ከታሰበው ይበልጥ ቢዘገይም ዊሎብሩክ በ1987 ተዘጋ። ዛሬ በስፍራው ኮሌጅ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት፣ «ጥፋቱ የተቋሙ ግዙፍነትና የገንዘብ እጥረት ነው፤ ቤቱ ትንሽ፣ ገንዘቡም በቂ ከሆነ ሁሉ ይስተካከላል» ብሎ መደምደም ይቻል ይሆናል። አሳቡ ከፊል እውነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ይህንንም የሚያሳየን በእንግሊዝ አገር የደረሰ ሌላ ጉዳይ ነው።

በብሪስቶል ከተማ አቅራቢያ በ2006 ዊንተርበርን ቪው የተባለ የግል ሆስፒታል ተከፈተ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውንና ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ተቀብሎ የሚያኖረው ይህ ቤት 24 አልጋዎች ብቻ ነበሩት። ለአንድ ሰው በየሳምንቱ በአማካይ 3,500 ፓውንድ ከመንግሥት ገንዘብ ይከፈል ነበር። እንግዲህ ቤቱ ትንሽ፣ ክፍያውም ከፍተኛ ነበር ማለት ነው። ሆኖም አንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ተንከባካቢ ሆኖ ተቀጥሮ በድብቅ ካሜራ ያነሣውና በ2011 የታየው ፊልም ሠራተኞች ነዋሪዎችን ሲመቱ፣ ሲያንገላቱና ሲሳለቁባቸው አሳየ። ሆስፒታሉ በዚያው ዓመት ተዘጋ። አሥራ አንድ ሠራተኞች ጥፋታቸውን አምነው በ2012 ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱም ስድስቱ ወኅኒ ወረዱ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሳይነገር የቀረ አለመሆኑ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ነርስ ያየውን በ2010 ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም አሳውቆ ነበር። ምንም እንኳ ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ አላገኘም።

ግዙፉን ዊሎብሩክንና ትንሹን ዊንተርበርን ቪውን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ዝግ ነበሩ። በእንግሊዙ ሆስፒታል ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ወደ መኝታ ክፍሎቹ እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከትውልድ ሰፈራቸው ርቀው ስለመጡ ቤተሰባቸው ቶሎ ቶሎ ሊያያቸው አይችልም ነበር። ነዋሪው በደል ደረሰብኝ ቢል ቃሉ አይታመንም። ሠራተኛውም ከሠራተኛ በቀር የሚያየው የውጭ ሰው የለም። ሰው የማያየው ስልጣን፣ ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ሲሰለጥን፣ የቤቱ ማነስም ሆነ የገንዘቡ ብዛት ሊገታው አይችልም።

እንግዲህ መልካም እንክብካቤ በምን ይለካል? ስዊድናዊው ቤንግት ኒርየ በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ቀላል የሚመስል መልስ ሰጥተዋል። መልሳቸውም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ኑሮ በተቻለ መጠን የማንኛውም የአገሩ ሰው ኑሮ ይምሰል የሚል ነው። ይኸውም ቀኑ እንደማንም ሰው ቀን ይሁን፤ ማለዳ ተነሥቶ ይልበስ፤ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው መሄድ ስለፈለጉ ብቻ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲተኛ አይገደድ። የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚዝናናበት ስፍራ የተለያየ ይሁን። ሳምንቱ የሥራና የዕረፍት ቀን፣ ዓመቱም በዓላት ይኑሩት። ሕፃን ሲሆን እንደ ሕፃን፣ ሲያድግም እንደ ዐዋቂ ይታይ። ምርጫውና ፍላጎቱ ይከበርለት። ስዊድን ትልልቆቹን ተቋማት ቀስ በቀስ ስትቀንስ ቆይታ በ1997 ባወጣችው ሕግ የቀሩት እስከ 1999 መጨረሻ እንዲዘጉ ወሰነች።

በዚህ መሠረት አንድን ቤት ለመመርመር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው የወለሉን ጽዳት ብቻ ሊሆን አይገባውም። ጽዳት አስፈላጊ ነው፤ እስር ቤትም ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም የሚከተሉትን ይጠይቅ። ነዋሪው የሚለብሰው ልብስ የራሱ ነው ወይስ ከጋራ ክምር የወጣ? ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ማን ነው? ሠራተኛው ሲያጎርሰው ያነጋግረዋል ወይስ በላዩ ላይ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ያወራል? ዘመድና ጎረቤት ሳያስታውቅ መጥቶ እስከ መኝታው ድረስ መግባት ይችላል? የሚንከባከቡት ሰዎች ዓመታት ይቆያሉ ወይስ በየወሩ ይለዋወጣሉ? በቃል መናገር የማይችል ሰው ረሀቡንም ሕመሙንም በፊቱና በእጁ ነው የሚናገረው። ያንን ቋንቋ የሚያውቀው አብሮት የቆየ ሰው ነው፤ አዲስ መጪ አያውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ምርጫ ሲሰጠው ራሱን ቢጎዳስ? ለምሳሌ አንዲት ወጣት ሻይ ማፍላት ትፈልጋለች እንበል። ተንከባካቢዋ እንዳትቃጠል ፈርታ የማዕድ ቤቱን በር ልትቆልፍ ትችላለች። ወይም ከአጠገቧ ቆማ፣ እጇን በእጇ ይዛ፣ በየቀኑ ልታስተምራት ትችላለች። የመጀመሪያው መንገድ ቀላልና ከአደጋ የራቀ ነው፤ ነገር ግን ወጣቷ በሃምሳ ዓመቷም ሻይ የሚቀዳላት ሰው ስትጠብቅ ትኖራለች። ሁለተኛው ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥቂት አደጋም አለበት። መልካም እንክብካቤ ማለት አደጋን ሁሉ ማስወገድ ሳይሆን፣ የትኛው አደጋ ለመማር የሚያስፈልግ፣ የትኛው ሕይወትን የሚያጠፋ መሆኑን መለየት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውንም ሰዎች ይመለከታል። አንቀጽ 19 ማንኛውም ጉዳተኛ እንደሌላው ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥና በኅብረተሰቡ መካከል የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች።

ይህንን ስናነብ ነገሩ የሩቅ አገርና የትልልቅ ተቋማት ጉዳይ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ ዝግ ስፍራ ለመሆን ትልቅ ግንብ አያስፈልግም። እንግዳ ሲመጣ በሐፍረት ምክንያት ወደ ጓዳ እንዲገባ የሚደረግ፣ ለሠርግም ለበዓልም የማይወጣ፣ ስሙን ጎረቤት የማያውቀው ልጅ በገዛ ወላጆቹ ቤት በተቋም ውስጥ ይኖራል። በአንጻሩ ደግሞ የሰፈሩ ሰው በስሙ የሚጠራው፣ ባለ ሱቁ የሚያውቀው፣ አንድ ቀን ሳይታይ ቢቀር «ምን ሆኖ ይሆን?» ተብሎ የሚጠየቅለት ሰው ብዙ ጠባቂዎች አሉት። እናቲቱ «እኔ ከሞትሁ በኋላ ማን ያይልኛል?» ስትል ለጠየቀችው ጥያቄ መልካም ቤት መሥራት አንድ መልስ ነው። ያ ቤት እንዳይዘጋ ግን በሩን አዘውትረው የሚያንኳኩ ጎረቤቶች ያስፈልጋሉ።

ሐ. የቃላት ፍቺ

በ«ሀ» ረድፍ ያሉትን ቃላት በ«ለ» ረድፍ ካሉት ፍቺዎቻቸው ጋር አዛምዱ።

«ሀ» ረድፍ
1. ግዙፍ
2. ተሟጋች
3. ማንገላታት
4. መደምደም
5. እላቂ
6. መደንገግ

«ለ» ረድፍ
ሀ. በሕግ መወሰን
ለ. በአገልግሎት ብዛት ያረጀ
ሐ. እጅግ ትልቅ
መ. ስለ መብት የሚከራከር
ሠ. የመጨረሻ አሳብ ላይ መድረስ
ረ. ማሠቃየት፣ ማጉላላት

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከበሽታ የሚለየው በምንድን ነው?
2. በዊሎብሩክ የነበሩ ተንከባካቢዎች ልባቸው ቢራራም ልጆቹን በሚገባ ሊንከባከቡ ያልቻሉት ለምንድን ነው?
3. ከበርናርድ ካራባሎ ታሪክ ልንወስደው የማይገባን የተሳሳተ ትምህርት የትኛው ነው?
4. የዊንተርበርን ቪው ታሪክ «ትንሽ ቤትና በቂ ገንዘብ ይበቃል» የሚለውን አሳብ የሚቃወመው እንዴት ነው?
5. ጸሐፊው «ዝግ ስፍራ ለመሆን ትልቅ ግንብ አያስፈልግም» ያለው ምን ለማለት ነው?

ሠ. ሰዋስው

«ምንም እንኳ ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ አላገኘም።»

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ምንም እንኳ ... ቢ...ም» የሚለው አነጋገር የመጀመሪያው ድርጊት ቢፈጸምም የተጠበቀው ውጤት አለመገኘቱን ያመለክታል። በምሳሌው መሠረት የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች እያጣመራችሁ ጻፉ።

ምሳሌ፦ ተንከባካቢው ይራራል። እጁ አይበቃም።
መልስ፦ ተንከባካቢው ምንም እንኳ ቢራራም እጁ አይበቃም።

1. ቤቱ ትንሽ ነው። በደል ተፈጽሞበታል።
2. ሴናተሩ በይፋ ተናገሩ። ነገሩ ተረሳ።
3. ወጣቷ ቀስ ብላ ትማራለች። ሻይ ማፍላቱን አትተውም።

ረ. የጽሑፍ ልምምድ

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።

1. በሰፈራችሁ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ስድስት ሰዎች መኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው እንበል። ቤቱ የት ቢሠራ ይሻላል? ጎረቤቶችስ ምን ሊያደርጉ ይገባል? ምክንያታችሁን አስረዱ።
2. «ጥበቃና ነጻነት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ወይስ አንዱ ሌላውን ያጠፋል?» በሚል ርእስ አሳባችሁን በምሳሌ አስደግፋችሁ ግለጹ።